ያልተካከለ ጥማድ፦ በአንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ እና የኦሃዮ ሕግ ዝምታ

ፍሬ ነገሩ

በኮሎምበስ ከተማ በክሊቭላንድ አቬኑ ግራና ቀኝ ባሉት ያገለገለ ጎማ መሸጫዎች ብርዱ በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ግብይት ይደገማል። ገዢው ለአራት ጎማ የሚበቃ ገንዘብ የለውም፤ ሻጩም ሁለት ይሸጥለታል። ሁለቱ የበረዶ ጎማዎች ከፊት ይገጠማሉ። ከኋላ ያሉት ጥርሳቸው የሳሳ፣ ብርድ ሲነካቸው የሚደርቁ አሮጌ ጎማዎች እዚያው ይቀራሉ። ገዢው ለቤተሰቡ ደኅንነት ገንዘብ እንዳወጣ አምኖ ይሄዳል። ሻጩ የጣሰው ሕግ የለም። የተገኘው ውጤት ግን በመጀመሪያው በረዷማ ጥምዝ ላይ ጀርባው ሊከዳ የተዘጋጀ መኪና ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የኦሃዮ ሕግ ጎማን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ መኪና ግን መንገድ ላይ የሚቆመው በአራቱም በአንድነት ነው። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ሕጋዊ ሆኖ ሳለ፣ አራቱ ተደምረው ለአደጋ የሚዳርጉበት ክፍተት አለ። ይህን ክፍተት መዝጋት የሚገባው ሕግ አውጪው ነው። ሸክሙንም መሸከም ያለበት ጎማ ገጥሞ የሚከፈለው ባለሙያ እንጂ የዕለት ደመወዙን ቆጥሮ ሁለት ጎማ የገዛው አሽከርካሪ አይደለም። በመጨረሻው ክፍል አምስት ጥያቄዎችን ለሕግ አውጪዎች፣ ለከተማው አስተዳደርና ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እናቀርባለን።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል

ለአማርኛ ተናጋሪው አሽከርካሪ የመጀመሪያው መሰናክል ትርጉም ነው። በአገራችን ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ጊዜ ነው። በጋ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደረቅ ወራት ሲሆን ጥርንና የካቲትን ያቅፋል። በኦሃዮ ግን ጥርና የካቲት የበረዶው እምብርት ናቸው። እንግዲህ አንድ ማስታወቂያ «የክረምት ጎማ» እና «የበጋ ጎማ» ተብሎ በቀጥታ ሲተረጎም፣ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ በቅርቡ ለመጣ ሰው ትርጉሙ ተገልብጦ ይደርሰዋል። የክረምቱን «የዝናብ ጎማ» ብሎ ይረዳዋል፤ የበጋውን ደግሞ በጥር የሚነዳበት ያደርገዋል። ብዙዎች ከዚህ ግራ መጋባት ያመለጡት «የስኖው ጎማ» በሚለው የዲያስፖራ አነጋገር ነው። እርሱም ቢሆን ነገሩን በከፊል ብቻ ይገልጻል፤ በረዶ ካልጣለ ጎማው አያስፈልግም የሚል ግምት ያሳድራልና።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የብርድ ጎማ፣ የሙቀት ጎማ እና የሁሉም ወቅት ጎማ እንላለን። ልዩነቱ የሚጀምረው ከጥርሱ ቅርጽ በፊት በላስቲኩ ቅመም ነው። የሙቀት ጎማ ላስቲክ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ45 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ላስቲክም አስፋልቱን አጥብቆ አይዝም። የብርድ ጎማ ላስቲክ በዚያው ብርድ ለስላሳነቱን እንዲጠብቅ ተቀምሟል፤ በጥርሱ ላይ ያሉት ደቃቅ ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። የሁሉም ወቅት ጎማ በሁለቱ መካከል የተደረገ ስምምነት ነው።

በጎማው ጎን ላይ የሚታዩት ምልክቶችም አንድ አይደሉም። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ጭቃና በረዶ ማለት ሲሆን በዋናነት የጥርሱን አቀራረጽ ይገልጻል፤ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን አያረጋግጥም። ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የሚታይበት ምልክት ግን በ1999 በአሜሪካና በካናዳ የጎማ አምራቾች ማኅበራት የተጀመረ ሲሆን፣ ጎማው በበረዶ ላይ የመሳብ ፈተና ማለፉን ያሳያል። ያገለገለ ጎማ ተደርድሮ በሚሸጥበት ግቢ ሁለቱ ምልክቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ልዩነታቸውን ለገዢው እንዲያስረዳ የሚገደድ ሰው ግን የለም።

አራት ጎማ፣ አንድ መኪና

ከኮሎምበስ ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች አብዝቶ የሚሰማው መከራከሪያ «መኪናዬን የሚጎትተው የፊት እግሩ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ይበቃኛል» የሚል ነው። አባባሉ ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው አሳሳችነቱ የበረታው። ጎማ ሦስት ሥራ አለው፤ መኪናውን ማስነሣት፣ ማቆም እና በጥምዝ ላይ ከመስመሩ እንዳይወጣ መያዝ። ከፊት የተገጠሙ ሁለት የብርድ ጎማዎች የመጀመሪያውን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ። መኪናው ከበረዶው ውስጥ ይነሣል፣ ቁልቁለቱን ይወጣዋል፣ አሽከርካሪውም ይተማመናል። የኋላዎቹ ድካም የሚገለጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሥራ ላይ ነው።

ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያጋድላል፤ ኋላው ይቀልላል። በዚያች ቅጽበት የፊት ጎማዎች አስፋልቱን ጨብጠው ሲይዙ፣ የኋላዎቹ ግን በደረቀ ላስቲክ ላይ ቆመዋል። መኪናው በጥምዝ ላይ ከሆነ ኋላው ወደ ውጭ ይወጣና ፊቱን ለመቅደም ይሽከረከራል። ከአውራ ጎዳና 71 ወይም 270 ወደ ክሊቭላንድ አቬኑ የሚያወርዱት መውጫዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ፍጥነት መቀነስና መጠምዘዝን በአንድ ጊዜ። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ አሽከርካሪው የፊቱን ጥሩ አያያዝ ተማምኖ የኋላውን ሳያስብ ይገባበታል።

የፊትና የኋላ መንሸራተት በአሽከርካሪው ዘንድ እኩል አይደሉም። ፊቱ ሲንሸራተት መሪው በእጅ ላይ ይላላል። መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ነጂው ይሰማዋልና እግሩን ከነዳጁ ያነሣል። ኋላው ሲንሸራተት ግን ማስጠንቀቂያው እጅግ አጭር ነው፤ ለማስተካከልም ብዙ አሽከርካሪ ያልሠለጠነበትን የመሪ አያያዝ ይጠይቃል። የጎማ ኢንዱስትሪው ራሱ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የሚገዛ ሰው የተሻሉትን ከኋላ እንዲያስገጥም ለዓመታት ሲመክር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በመንገዳችን ላይ የሚደረገው ግን በአብዛኛው ተቃራኒው ነው።

ይህ ማለት ሁለቱን የብርድ ጎማዎች ወደ ኋላ ማዛወር መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። ያን ጊዜ ኋላው ይጸናል፤ ፊቱ ግን አይታዘዝም። መሪው ቢዞርም መኪናው በመስቀለኛው መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ለመቆምም ረጅም ርቀት ይፈልጋል። ከሁሉ የከፋው በአንድ ጥንድ ላይ የተለያየ ጎማ መግጠም ነው፤ ከቀኝ የብርድ፣ ከግራ የሙቀት ጎማ ያለው መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ገበሬ በሬና አህያ በአንድ ቀንበር አይጠምድም፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ብርቱ ቢሆኑ እንኳ እርፉ ቀጥ አይልለትም።

ቴክኖሎጂውስ አይረዳም ወይ? በአሜሪካ ለገበያ የሚቀርቡ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ የመኪናን መረጋጋት በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር መሣሪያ እንዲኖራቸው የተገደዱት ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። በክሊቭላንድ አቬኑ የሚመላለሱት ብዙ መኪናዎች ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። መሣሪያው ባለበትም ቢሆን የሚሠራው የእያንዳንዱን እግር ፍሬን ለየብቻ በመያዝ ነው፤ ጎማው የሌለውን መንገድ የመያዝ ኃይል ሊፈጥርለት አይችልም። በአራቱም እግር የሚጎተት መኪናም እንዲሁ ነው። መነሣትን ያቀልላል እንጂ ማቆምን አያሳጥርም፤ እንዲያውም የጎማዎቹ ቁመት ሲለያይ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት ይፋተግና ይጎዳል። በዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የጎማ መብራትም የሚለካው የአየር ግፊትን ብቻ ነው። ስለ ላስቲኩ ዓይነት፣ ስለ ጥርሱም ሆነ ስለ ዕድሜው የሚያውቀው ነገር የለም።

ሕጉ የሚያየው እና የማያየው

ኦሃዮ በዚህ ጉዳይ ፈጽሞ ባዶ አይደለችም። በሥራ ላይ ያለው የስቴቱ ሕግ ለአደጋ የሚዳርግ ያገለገለ ጎማ መግጠምን ይከለክላል፤ ጥርሱ ያለቀ ወይም የውስጥ ክሩ የተገለጠ ጎማ በዚህ ውስጥ ይገባል። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ ልናፈርሰው ሳይሆን ልናሟላው እንፈልጋለን። ጉድለቱ የመለኪያው ጠባብነት ነው። አንድ ጎማ 3/32 ኢንች ጥርስ ካለው ከዝቅተኛው ልክ ከ2/32 በላይ ነውና ያልፋል። ሌላው 9/32 ያለው የብርድ ጎማ ነው፤ እርሱም ያልፋል። ሁለቱ በአንድ መኪና ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ሕጉ አያነሣም።

ምርመራም የለም። ኦሃዮ ለግል መኪና በየጊዜው የሚደረግ የቴክኒክ ብቃት ምርመራ አትጠይቅም። ኢ-ቼክ የሚባለው የጭስ ምርመራ የሚደረገው በሰሜን ምሥራቅ በሚገኙ ሰባት ካውንቲዎች ብቻ ነው፤ ኮሎምበስ የምትገኝበት ፍራንክሊን ካውንቲ ከእነርሱ ውጭ ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊው አሽከርካሪ የተለየ ወጥመድ አለው። በአገር ቤት ቦሎ የሚለጠፈው መኪናው ዓመታዊ ምርመራ ካለፈ በኋላ እንደሆነ ያውቃል። እዚህ በሰሌዳው ላይ የሚለጠፈውን የዓመት ምልክት ሲያይ እርሱኑ ቦሎ ይለዋል፤ መንግሥት ከፈቀደለት መኪናው ደኅና ነው ብሎም ይገምታል። ያ ምልክት ግን የተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ ነው፤ ጎማውን ያየለት ማንም የለም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ግን ሕጉ ድንገት ዓይኑን ይገልጣል። በኦሃዮ ማንኛውም አሽከርካሪ ከፊቱ ባለው ግልጽ ርቀት ውስጥ ሊቆም በሚችልበት ፍጥነት እንዲነዳ ይገደዳል። በበረዶ ላይ ተንሸራትቶ ከፊቱ ያለውን መኪና የገጨ ሰው ቅጣቱን ይከፍላል፤ የኢንሹራንሱም ዋጋ ይጨምርበታል። እንግዲህ የኃላፊነት ሰንሰለቱን እንመልከት። ጎማውን መርጦ ያቀረበው ነጋዴ፣ የትኛው ጥንድ የት እንደሚገጠም የወሰነው ጎሚስታ፣ ማስጠንቀቂያ ያላስጻፈው ሕግ አውጪ ሁሉም ከነገሩ ውጭ ናቸው። የቀረው በእጁ መረጃ ያልነበረው አንድ ሰው ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር እናንሣ። ኦሃዮ ከእያንዳንዱ አዲስ ጎማ ሽያጭ 1 ዶላር ትሰበስባለች፤ ዓላማው የተጣሉ ጎማዎችን ክምችት ማስወገድ ነው። ስቴቱ ጎማው ከሞተ በኋላ ለሚያደርሰው ጉዳት ሥርዓት አበጅቷል። በሕይወት ሳለ፣ ልጆች በተሳፈሩበት መኪና ሥር ሆኖ ሊያደርስ ለሚችለው ጉዳት ግን ከጥርስ ልክ ያለፈ አሳብ የለውም።

ለምን ክሊቭላንድ አቬኑ?

ክሊቭላንድ አቬኑ ከመሀል ከተማው ተነሥቶ በሚሎ ግሮጋን፣ በሊንደንና በኖርዝላንድ አልፎ እስከ ዌስተርቪል የሚዘልቅ ጎዳና ነው። ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች፣ ምዕራብ አፍሪካውያንና የላቲን አሜሪካ ስደተኞች የሰፈሩበት፣ ቤተ እምነታቸውንና ሱቃቸውን የከፈቱበት ነው። ከ2018 ጀምሮ ሲማክስ የተባለው ፈጣን አውቶቡስ በዚሁ መስመር ይመላለሳል፤ ለከተማውም ኩራት ነው። ነገር ግን ሲማክስ በደቡብ ወደ ግሮቭፖርትና ኦቤትዝ፣ በምሥራቅ ወደ ኤትና ባሉት ታላላቅ መጋዘኖች አያደርስም። የማኅበረሰባችን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ እንጀራው ያለው እዚያ ነው። መኪና ለእርሱ ምርጫ አይደለም፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

በረዶ ሲበረታ የካውንቲው ሸሪፍ ሦስት ደረጃ ያለው የበረዶ አዋጅ ያውጃል። በሁለተኛው ደረጃ በእርግጥ መንዳት የሚያስፈልገው ሰው ብቻ እንዲወጣ፣ ሠራተኛም ወደ አሠሪው ደውሎ እንዲጠይቅ ይመከራል። ምክሩ ቢሮ ለሚሠራ ሰው ይስማማል። በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ ግን ስልኩን መደወል ማለት በብዙ ቦታ የዕለቱን ደመወዝ መተው ማለት ነው። ስለዚህ ይወጣል፤ የሚወጣውም ባለው ጎማ ነው።

የኮሎምበስ ብርድ በራሱ ጠባይ ተንኮለኛ ነው። እንደ ሚኒሶታ ወራቱን ሙሉ የረጋ በረዶ አይሆንም። ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይጠነክራል፤ ጠዋት ላይ አስፋልቱ እርጥብ መስሎ ብርጭቆ ይሆናል። ይህ ተለዋዋጭነት ሰውን «ለጥቂት ቀን በረዶ አራት ጎማ አልገዛም» ያሰኘዋል። ነገር ግን ብዙ ጠዋቶች ያለ አንዲት የበረዶ ብናኝ እንኳ ከ7 ዲግሪ በታች ናቸው፤ የሙቀት ጎማም በእነዚያ ጠዋቶች ሁሉ ደክሞ ነው የሚወጣው።

ድብልቁ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይመጣም። በሐምሌ ወር የተሻለ ጥርስ ስላላቸው ብቻ የብርድ ጎማዎች የሚሸጡለት ሰው አለ። እነዚያ ለስላሳ ጎማዎች በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃሉ፤ በሞቀ እርጥብ መንገድም የመቆሚያ ርቀታቸው ይረዝማል። ዋጋው ርካሽ ሆኖ የተገኘው ዕቃ በአንድ ወቅት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ያስወጣል። ድኻ ጎማን በውድ የሚገዛው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«የሁሉም ወቅት ጎማ ለኦሃዮ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ከእነርሱ ጋር የምንጣላበት ብዙ ምክንያት የለም። አራት የብርድ ጎማ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሆኖም ጥርሳቸው ደኅና የሆነ፣ ዓይነታቸው አንድ የሆነ አራት የሁሉም ወቅት ጎማዎች ከሁለት የብርድና ከሁለት ያረጁ ጎማዎች ድብልቅ ይልቅ የሚታመን ጠባይ አላቸው። የጥያቄያችን መሠረትም ይኸው ነው፤ ከብርድ ጎማ በፊት እኩልነትን እንጠይቃለን።

«ይህ የግል ኃላፊነት ነው» የሚሉም አሉ። የግል ኃላፊነት መረጃን ይቀድማል እንዴ? ሐኪም የማይስማሙ ሁለት መድኃኒቶችን ያለ ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ ጥፋቱን በበሽተኛው ላይ አናላክክም። የተንሸራተተው መኪናም ባለቤቱን ብቻ ይዞ አይሄድም። በአውቶቡስ ፌርማታ የቆመችውን እናት፣ በእግረኛ መንገድ የሚሄደውን ተማሪ ያገኛል። ኮሎምበስ በመንገዶቿ ላይ ሞትንና ከባድ ጉዳትን ለማስቀረት በ2021 የቪዥን ዚሮ ዕቅድ ስታወጣ የተቀበለችው መርሕ ሰው ይሳሳታል፣ ሥርዓቱ ግን ስሕተቱን ወደ ሞት እንዳያደርስ ሆኖ መሠራት አለበት የሚል ነው። ጎማ ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

«ትንንሽ ሱቆችን ይጎዳል» የሚለውን ተቃውሞ በቁም ነገር እንወስደዋለን፤ ከሱቆቹ ባለቤቶች ብዙዎቹ ከእኛው መካከል ናቸውና። የምንጠይቀው ሥራ ግን አራቱን ጎማዎች ዞሮ ማየት፣ ጥርሳቸውን መለካትና በደረሰኝ ላይ መጻፍ ነው። የጥርስ መለኪያ ርካሽ መሣሪያ ነው፤ ሥራውም ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። ጠንቃቃው ጎሚስታ ዛሬም ይህን ያደርጋል። ሕጉ የሚያደርገው እርሱን በዋጋ ከሚሽቀዳደመው ግዴለሽ መጠበቅ ነው።

በመጨረሻ፣ ከእኛው ወገን የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ለምን የኩቤክን መንገድ አትከተሉም? ኩቤክ ከ2008 ጀምሮ የብርድ ጎማን አስገድዳለች፤ ዛሬ ግዴታው ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ይጸናል። ጀርመንም ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በበረዷማ መንገድ ለሚነዳ ሰው የተራራውን ምልክት የያዘ ጎማ ትጠይቃለች። እነዚህ ሕጎች ለአገራቸው ተስማምተዋል። በኦሃዮ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ ቅጣቱን የሚያሳርፈው መጀመሪያውኑ አራት ጎማ መግዛት ባልቻለው ሰው ላይ ነው፤ ፖሊስም መኪና የሚያስቆምበት አዲስ ምክንያት ያገኛል። የስደተኛው ማኅበረሰብ ይህን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ዓመታዊ ምርመራም ቢሆን ነፋሱ በተቃራኒው እየነፈሰ ነው። ጎረቤታችን ፔንስልቬንያ ምርመራውን ብትቀጥልም፣ ቴክሳስ በ2025 መጀመሪያ ለግል መኪናዎች አስቀርታዋለች። ስለዚህ ሊጸድቅ የሚችለውን፣ ድኻውንም የማይቀጣውን መንገድ መርጠናል።

የምንጠይቀው

1. የኦሃዮ ጠቅላላ ምክር ቤት ያገለገለ ጎማን የሚመለከተውን ሕግ ያሻሽል። ለክፍያ ጎማ የሚገጥም ማንኛውም ድርጅት በአንድ ጥንድ ላይ የተለያየ ወቅት ጎማ እንዳይገጥም፣ የብርድ ጎማን ከፊት ብቻ እንዳይገጥም ይከልከል። ለድንገተኛ የሚገባው ትርፍ ጎማ ከዚህ ነጻ ይሁን። የቅጣቱ ተጠያቂ ገጣሚው ብቻ እንዲሆን፣ ድንጋጌውም ለፖሊስ መኪና ማስቆሚያ ምክንያት እንዳይሆን በግልጽ ይጻፍ።

2. በዚሁ ማሻሻያ የአራት ጎማ ደረሰኝ ግዴታ ይሁን። ጎማ ሲገጠም የአራቱም ዓይነት፣ የጥርስ ጥልቀትና የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በደረሰኙ ላይ ይስፈር። የሚመረትበት ጊዜ ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ባሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ይነበባል፤ 3522 ማለት የ2022 ዓመት 35ኛ ሳምንት ነው። ሁለት የኋላ የብርድ ጎማዎችን ብቻ ለሚገዛ ሰው ስለ አደጋው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።

3. የኦሃዮ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት አራት የብርድ ጎማ ላስገጠመ ደንበኛ የዋጋ ቅናሽ እንዲቀርብ ደንብ ያዘጋጅ። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሁሉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለብርድ ጎማ ቅናሽ እንዲያቀርቡ ተገድደዋል። ቅናሹ ለሁለት ሳይሆን ለአራት መሆኑ ሰውን ወደ እኩልነት ይስበዋል።

4. የኮሎምበስ ከተማ ከቪዥን ዚሮ ሥራው ጋር አያይዞ በክሊቭላንድ አቬኑ ለሚኖሩና ለሚሠሩ ቤተሰቦች ያለ ወለድ የሚከፈል የአራት ጎማ ብድር በሙከራ ይጀምር። የአራት ጎማ ዋጋ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚጠይቅ ነው ሰው ሁለት የሚገዛው። በወራት የሚከፈል ሲሆን ያው ገንዘብ ይቻላል። ዕቁብን የሚያውቅ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለውን ብድር በታማኝነት መክፈል አይሳነውም።

5. የስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት በአሽከርካሪዎች መመሪያ ውስጥ ስለ ጎማ ድብልቅ አንድ ገጽ ይጨምር፤ ገጹም በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች ይተርጎም። አማርኛው «ክረምት» እና «በጋ» የሚሉትን ቃላት ሳያብራራ እንዳይጠቀም አጥብቀን እናሳስባለን። የተሳሳተ ትርጉም ካለመተርጎም ይብሳል።

ሕጉ እስኪመጣ

ይህን ጽሑፍ በየቤተ እምነቱና በየማኅበሩ ለሚያስተምሩ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ጥቂት እንጨምር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ባለ 25 ሳንቲሙን በጎማው ጥርስ መካከል ራሱን ወደ ታች አድርገው ይክተቱት። ጥርሱ የዋሽንግተንን ራስ ጫፍ ካልነካ ከ4/32 ኢንች በታች ወርዷል ማለት ነውና ለበረዶ አይታመንም። በአራቱም ጎማዎች ጎን ያለውን ምልክት ያንብቡ። የሚለያዩ ከሆነ፣ ሁለት የብርድ ጎማ ከመጨመር ይልቅ አራት አንድ ዓይነት ደኅና የሁሉም ወቅት ጎማ ማግኘት ይሻላል። የአየር ግፊቱንም በብርድ ጠዋት ይለኩ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ግፊቱ በአንድ ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይቀንሳልና። አሁን ድብልቅ ያለው ሰው ደግሞ እስኪያስተካክል ድረስ ከጥምዝ በፊት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነቱን ይጨርስ፤ በጥምዙ ውስጥ ፍሬን አይያዝ።

ይህ ሁሉ ግን የጊዜው መጠባበቂያ ነው። ክቡራን ሕግ አውጪዎችና ረዳቶቻቸው፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ስቴት ሀውስ ያለው ርቀት በመኪና የጥቂት ደቂቃ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ከጎናችሁ ከሚያልፉት መኪናዎች የትኛው በሁለት ልብ እንደቆመ ከውጭ ሆናችሁ መለየት አትችሉም፤ የሚነዳውም ሰው አይችልም። ሊለይ የሚችለው ጎማውን በእጁ ይዞ የገጠመው ባለሙያ ብቻ ነው። ግዴታውን በእርሱ ላይ የሚጥል አንድ አንቀጽ ከሚቀጥለው ብርድ በፊት እንዲረቀቅ እንጠይቃለን።